በጥቅምት የሚቆም ደብተር

ውሎን መለስ ብሎ ማየትና የሚቀጥለውን ቀን ማቀድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ቢመስሉም አንዱ ያለሌላው ብዙም አይራመድም። ያለፈውን ሳያይ የሚያቅድ ሰው ምኞቱን ይዘረዝራል፤ ሳያቅድ ያለፈውን የሚያብሰለስል ደግሞ ጸጸቱን ያበዛል። ለዚህ አምድ ደብዳቤ የላኩት የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሁለቱንም ለየብቻ ሞክረዋል። በየዓመቱ ለመስከረም 1 አዲስ ደብተር ይገዛሉ፤ ጥቅምት ሳያልቅ ደብተሩ ይቆማል። ዘንድሮ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰፈሩት ዕቅዶች 12 ናቸው፦ ማስተርስ መመዝገብ፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ እንግሊዝኛ ማሻሻል፣ የእናትን ቤት ጣሪያ ማስቀየር፣ ስፖርት መሥራት፣ የዕቁብ ብር አለመንካት፣ እያለ ይቀጥላል። ማታ ማታ ውሏቸውን ይጽፋሉ፤ የሚጽፉት አብዛኛው ወቀሳ ስለሆነ ግን እንቅልፍ ይነሳቸዋል። “ቆራጥነት የለኝም ማለት ነው?” ሲሉ ይጠይቃሉ። ክፍል የሚጋሩት ከታናሽ እህታቸው ጋር በመሆኑ ደብተር ይሻላል ወይስ ስልክ የሚል ጥያቄም አክለዋል።

ቆራጥነት የሚለው ማብራሪያ ለአፍ ይቀላል፤ ብዙ ነገር ግን አያስረዳም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 96 ሰዎች አንድ ትንሽ ድርጊት መርጠው በየቀኑ እንዲደጋግሙት ተደርጎ ነበር። አንዳንዱ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላትን መረጠ፣ ሌላው ከእራት በፊት መሮጥን። ድርጊቱ ሳያስቡበት የሚፈጸም እስኪሆን መካከለኛው ተሳታፊ 66 ቀን ፈጀበት፤ የፈጣኑ 18፣ የዘገምተኛው በስሌት 254 ቀን ነበር። 66 ቀን ከመስከረም 1 ሲቆጠር ኅዳር 6 ላይ ያርፋል። ጠያቂዋ ደብተሩን የሚዘጉት እንግዲህ ልማዱ ገና ሥር ሳይሰድ ነው። ከጥናቱ ይበልጥ የሚጠቅማቸው ግን ሌላ ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አመሠራረት ይህን ያህል አልጎዳውም። የተዘለለው ቀን ራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው በማግስቱ “አንዴ አበላሸሁት፣ እንግዲህ ለከርሞ” ሲባል ነው።

ለከርሞ የሚያሰኘው የአዲስ ዓመት ስሜት እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሄንግቼን ዳይና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ የሚሄደው ሰው በሳምንት፣ በወርና በዓመት መባቻ ላይ እንደሚጨምር ታይቷል። ከዚሁ ጥናት መረዳት እንደሚቻለው ሰኞም መባቻ ነው። ጥቅምት ላይ ደብተሩ ቢቆም እስከ መስከረም 11 ወር መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው ሰኞ ይበቃል።

የማታው ወቀሳ ከዚህ የከበደ ጉዳይ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ከደብተሩ የተገለበጠ አንድ ምሽት አለ፦ “ዛሬም መንጃ ፈቃድ ትምህርት አልሄድኩም። ያው ስንፍናዬ ነው። ለምን እንዲህ ሆንኩ?” ከነዚህ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች በዕለቱ የሆነ ነገር የሚናገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ፍርድ ነው፤ ሦስተኛው ሌሊቱን ሙሉ ቢጠየቅ መልስ የማይገኝለት ጥያቄ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ኖለን ሆክሴማ ለዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነበር። በራስ ስሜትና ጉድለት ዙሪያ እየተመላለሱ ማብሰልሰል ድባቴን እንደሚያራዝምና መፍትሔ የመፈለግ አቅምን እንደሚያዳክም አሳይተዋል። ጠያቂዋ ውሏቸውን የሚመረምሩ ይመስላቸዋል፤ የሚጽፉት ግን የክስ መዝገብ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ተቀምጦ ያደገ ሰው ግለ ሂስን ራስን ከማዋረድ ጋር ቢያምታታው አይፈረድበትም።

በሥራ ገበታቸው ላይ እንዲህ አያደርጉም። ገንዘብ ከፋይ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ብሩን ይቆጥራል፣ ከሰነዱ ጋር ያመሳክራል፣ ጉድለት ካለ በየትኛው ወረቀት ላይ እንደተፈጠረ ይፈልጋል። “እኔ የማልረባ ከፋይ ነኝ” ብሎ መጻፍ ጉድለቱን አይሞላም። ደብዳቤው በሌላ ቦታ እንደሚገልጸው ጠያቂዋ ከሥራ የሚወጡት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ታክሲ ሰልፍ አለ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው 12 ሰዓት ላይ ነው። ያ ምሽት እንደ ሒሳብ መዝጊያ ቢጻፍ ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር፦ “ትምህርት አልሄድኩም። ሰልፍ ላይ እያለሁ 12 ሰዓት ተኩል ሆነ። ነገ ደውዬ የቅዳሜ ጠዋት ፈረቃ እንዳለ እጠይቃለሁ።” ስንፍና የተባለው የሰዓት አለመገጣጠም ሆኖ ይገኛል። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። አንዳንድ ቀን ምክንያቱ እውነትም ስንፍና ነው፤ ያኔም “ስልክ ስነካካ 3 ሰዓት ሆነ” የሚለው መስመር ከፍርዱ ይልቅ ለነገ ይረዳል፣ ስልኩን ምን ማድረግ እንደሚገባ ይጠቁማልና።

ማታ ራስን መመርመር የጥንት ልማድ ነው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ቁጣ በጻፈው ድርሰት መብራቱ ከተነሳና ሚስቱ ዝም ካለች በኋላ ውሎውን ሁሉ፣ ምንም ሳይደብቅ፣ ይመረምር እንደነበር ተናግሯል። ለራሱም ይቅርታ ያደርግ ነበር፤ ከምርመራው በኋላ የሚመጣውን እንቅልፍም ያደንቃል። ጠያቂዋን ከእንቅልፍ ያጣላቸው ይህ የይቅርታ ክፍል መጉደሉ ነው። በእኛም ሀገር ምእመኑ ንስሐን፣ ሙስሊሙ ሙሐሰባን ያውቃል። በንስሐ አባት ፊት የሚቀርበው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የታክሲ ሰልፍና የትምህርት ፈረቃ እዚያ አይወሰንም፣ ደብተሩም ንስሐን አይተካም።

ያለፈውን መመዝገብ ዋናው ጥቅሙ ለዕቅድ ልክ መስጠቱ ነው። ሮጀር ቡህለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1994 የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በማገባደድ ላይ የነበሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀው ነበር። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ቀን አሉ፤ ሁሉም ነገር ቢበላሽ ደግሞ 49 ቀን ገደማ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብለው ይህን ዓይነት ስሕተት ገልጸውት ነበር፤ ሰው ሲያቅድ የፊቱን በዓይነ ሕሊናው ይስላል እንጂ ተመሳሳይ ሥራ ከዚህ በፊት ስንት እንደወሰደበት አይጠይቅም። “እንግሊዝኛ በሳምንት 5 ቀን” የሚል ዕቅድ ያለው ሰው ያለፉትን አራት ሳምንታት ገልጦ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዳጠና ካየ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት 2 ቀን መያዙ አቅምን ማወቅ ነው።

በዚህ ዓይን ሲታዩ 12ቱ ዕቅዶች በአንድ ቀን የሚጀመሩ አይደሉም። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በወጣትነቱ 13 በጎ ጠባያትን ለማዳበር ሲነሳ ሁሉንም በአንዴ ከመሞከር ይልቅ በየሳምንቱ አንዱን ብቻ እንዲከታተል ትንሽ ደብተር አዘጋጀ፤ በዓመት አራት ጊዜ ዙሩ ይሞላል። በጣም ያስቸገረው ሥርዓትን መጠበቅ እንደነበር፣ ፈጽሞም እንዳልተሳካለት ራሱ ጽፏል፤ ደብተሩን ግን አልጣለውም። ጠያቂዋን 12ቱን ዕቅድ ለ12 ወር ማደል ሊያምራቸው ይችላል። ነገሩ እንዲህ አይቆረጥም። ጣሪያ ክረምት ሳይገባ መለወጥ አለበት፤ ስለዚህ የቆርቆሮና የሠራተኛ ዋጋ መጠየቅ ከበጋው መጀመሪያ ይጀምራል። የማስተርስ ምዝገባ ዩኒቨርሲቲው በሚያወጣው ቀን ይወሰናል። ስፖርት ቀን አይጠብቅም፣ ብዙ ጊዜ የሚተወውም ለዚህ ነው። ቀን ያላቸው ቀናቸው ይጻፍላቸው፤ ከሌሎቹ ሁለት ወይም ሦስት ይመረጡ፤ የቀሩት በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይቆዩ።

ለአሠራሩ በቀን አምስት ደቂቃ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ዕለታዊው ሦስት መስመር ነው፦ ምን ሆነ፣ በምን ምክንያት፣ ነገ ምን ይደረጋል። ወደ ኋላ የሚያየው ክፍል አልጋ ላይ ባይሆን ይመረጣል፤ ከእራት በኋላ ሳህን ሳይነሳ ወይም ከሥራ ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ይሻላል። ለመኝታ የሚቀረው የነገ ዝርዝር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቻቸው በቤይለር ዩኒቨርሲቲ 57 ወጣቶችን ለአምስት ደቂቃ አጽፈው አስተኝተዋቸው ነበር። ገሚሱ በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠራውን፣ ገሚሱ የጨረሰውን ጻፈ። የሚሠሩትን የጻፉት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው አንቀላፉ፤ ዝርዝራቸው ግልጽና ረዘም ያለ የነበረው ደግሞ የበለጠ ፈጠኑ። “ነገ ብዙ ሥራ አለ” ማለት እንቅልፍ አያመጣም፤ “ጠዋት 3 ሰዓት ስልክ፣ ምሳ ሰዓት ፎቶ ኮፒ” ማለት ይሻላል።

የሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ቋሚ መልሕቅ ይፈልጋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር እንዳሳዩት “አደርጋለሁ” ብሎ የወሰነ ሰው ጊዜውንና ቦታውን ለይቶ “ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ” ካለው ይልቅ በቀላሉ ይዘናጋል። በጠያቂዋ ቤት እሑድ ከሰዓት ቡና ይፈላል፤ ሦስተኛው ስኒ ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሳ ደብተሩ ሊከፈት ይችላል። በዚህ ግማሽ ሰዓት የስድስቱ ቀን መስመሮች ይነበባሉ፣ ሁለት ሦስቴ የተደጋገመ ምክንያት ይፈለጋል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ከሦስት ያልበለጠ ነገር ይያዛል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ወር በገባ በአንደኛው ቀን አራቱን ሳምንት ማየትም አይከብድም። ዓመቱን ለማየት ጳጉሜን ትመቻለች። ያኔ ዋናው ጥያቄ ስንት ዕቅድ ተፈጸመ የሚለው ሳይሆን የትኛው ከዝርዝሩ መውጣት አለበት የሚለው ነው። አንዳንዱ ዕቅድ በየዓመቱ የሚገለበጠው ማንም ስለማይፈልገው ይሆናል።

እንቅልፍ ማጣቱና ራስን መውቀሱ የአጻጻፉ ለውጥ ከተደረገ በኋላም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ምግብና ሥራም ካስጠላ፣ ጉዳዩ የደብተር አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ከአማኑኤል ሆስፒታል ሌላ በጠቅላላ ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ ይገኛል።

ስልክ ወይስ ደብተር የሚለው ቀላል ነው። ስልክ ቁልፍ አለው፣ ሁልጊዜም ከእጅ አይለይም፤ የዕለቱን ሦስት መስመር ታክሲ ውስጥ ለመጻፍ ይመቻል። የእህት ዓይን የሚያሳስብ ከሆነ ደብተሩ በሥራ ቦርሳ ውስጥ ቢያድር፣ የሰው ስምም በፊደል ብቻ ቢጻፍ ይበቃል፤ ከዚህም የሚቀለው እህትን “ይኼን አትክፈቺብኝ” ማለት ነው። የእሑዱ ሥራ ግን በወረቀት ቢሆን ይሻላል፤ አራት ሳምንትን ጎን ለጎን ዘርግቶ ለማየት የስልክ መስታወት ይጠባል።