ካሜራው «ካርዱ አይነበብም» ሲል ምን እናድርግ?

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ ዲጂታል ካሜራ ሚሞሪ ብልሽት ነው። ጉዳዩ ሚኒ ሚዲያን ብቻ የሚመለከት አይደለም። እዚህ ላፍቶ ሰርግም ሆነ ምርቃት ሲኖር ፎቶው ሁሉ የሚቀመጠው ቴምብር በምታክል ሚሞሪ ላይ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ካሜራ ፎቶ ሲያነሳ ሚሞሪው ላይ ሁለት ነገር ይጽፋል። አንዱ ፎቶው ራሱ ነው። ሌላው ማውጫ ነው፤ ማለትም የትኛው ፎቶ የት እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ። ማውጫው ተጽፎ ሳያልቅ ባትሪ ካለቀ ወይም ሚሞሪው ከተነቀለ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። ያኔ ካሜራው «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። ግን የመጽሐፍ ማውጫ ስለተቀደደ ትምህርቱ ጠፋ ይባላል? አይባልም! ፎቶዎቹ ብዙ ጊዜ እዚያው አሉ። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን በቅደም ተከተል ማድረግ ነው።

1ኛ. ፎቶ ማንሳት ማቆም፤ «ፎርማት» የሚለውንም አለመንካት። አዲስ ፎቶ አሮጌው ላይ ከተጻፈ አሮጌው በቃ አይመለስም።

2ኛ. ካሜራውን አጥፍቶ ሚሞሪውን ማውጣት። ወርቃማ መስመሮቹን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፤ ውሃ ወይም ምራቅ አይነካውም! ካሜራው «ተቆልፏል» ካለ ደግሞ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ላይ መግፋት።

3ኛ. የስልክ ሚሞሪ በአዳፕተር ከሆነ የገባው፣ አዳፕተሩን መቀየር። አንዳንዴ የተበላሸው እሱ ብቻ ነው።

4ኛ. መጠኑን ማየት። ብዙ የድሮ ካሜራዎች ከ32 ጊጋባይት በላይ አያነቡም። 64 ከገባባቸው ሚሞሪው ደህና ሆኖ እንኳ እምቢ ይላሉ።

5ኛ. በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ መሞከር። ፎቶዎቹ ከታዩ ወዲያው መገልበጥ። ካልታዩ ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ማውጫውን ትቶ ፎቶዎቹን ራሳቸውን ይፈልጋል። የተገኘው የሚቀመጠው ግን ኮምፒውተሩ ላይ እንጂ እዚያው ሚሞሪ ላይ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሚሞሪውን ጭራሽ ካላወቀው ዕቃው ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፕሮግራም አያድነውም።

ባለፈው የወላጆች በዓል ክበባችን የደረሰበት ይኸው ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ፎቶ በሙሉ አንድ ሚሞሪ ላይ ነበር። እነሱ ደግሞ ክረምቱ ካለፈ ወደየትምህርት ቤቱ ይበታተናሉ፤ እንደገና ሰብስበን አናነሳቸውም። ከአይሲቲ መምህራችን ጋር አዳፕተር ብንቀይርም እምቢ አለ። በፎቶሬክ ፈለግን፤ አብዛኛው ተገኘ። የፋይሎቹ ስም ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ስለሆኑ አንድ በአንድ እያየን ለየን። ጡረታ የወጡት የጥበቃ ሠራተኛችን ፎቶ ግን ግማሹ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ፊታቸው አይታይም፤ የሚታየው የተሸለሙት ጋቢ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የቀረውን ያወጣል እንጂ የጠፋውን አይፈጥርም።

ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ጥንቃቄ ነው። የካሜራው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ሚሞሪ አይነቀልም። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማንሳት ይቁም። አዲስ ሚሞሪ ሲገዛ አስመስለው የተሠሩ ስላሉ፣ ለበዓል ከመውጣቱ በፊት እስኪሞላ ተጽፎበት ይፈተሽ። ከሁሉም በላይ የዛሬ ፎቶ ዛሬውኑ ሁለት ቦታ ይገልበጥ።

እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ!