ጥሪን መለየት፦ ከሳሙኤልና ከዔሊ የምናገኘው ትምህርት



በብሉይ ኪዳን የእግዚአብሔር ጥሪ ብዙ ጊዜ ሰውን በዕለት ሥራው ላይ ያገኘዋል። ሙሴ የአማቱን በጎች ይጠብቅ ነበር (ዘጸ. 3፣1)፤ ጌዴዎን ስንዴ ይወቃ ነበር (መሳ. 6፣11)፤ ኤልሳዕ በበሬ ያርስ ነበር (1ነገ. 19፣19)። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለሚያርስና ከብት ለሚጠብቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

1. የተጠራ ሰው ያመነታል። ሙሴ ማንነቱ ለፈርዖን ፊት እንደማይበቃ ተናገረ፤ ኤርምያስም የዕድሜውን ማነስ አመለከተ። እግዚአብሔር ግን አብሯቸው እንደሚሆን ቃል ገባላቸው እንጂ ብቁ መሆናቸውን አልነገራቸውም። ስለዚህ አለመብቃታችን ጥሪውን አይሽረውም።

2. ጥሪን የሚያስለይ መምህር ያስፈልጋል። ብላቴናው ሳሙኤል በሴሎ ሦስት ጊዜ ስሙን ሰምቶ ሦስት ጊዜ ወደ ካህኑ ዔሊ ሮጠ (1ሳሙ. 3)። ድምፁን ሰምቷል፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቀም። ዔሊ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ልጆቹንም ያልገሠጸ አባት ነበር። ሆኖም የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተውሎ ብላቴናውን እንዴት እንደሚመልስ አስተማረው። የመጣው ቃል በራሱ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ሆኖ ሳለ፣ ሳሙኤል አንዳች እንዳይሸሽገው አዘዘው፤ በትሕትናም ተቀበለው። እኛ የምናስተምር ሁሉ ከዚህ እንማር፦ ልጆቹን ወደ ራሳችን ሳይሆን ወደ እግዚአብሔር እንመልሳቸው፤ እኛን የሚወቅስ ቃል ቢያመጡም አፋቸውን አንዝጋ።

3. ጥሪን መለየት ዕድሜ ሊጠይቅ ይችላል። የጎጃም ልጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በዲቦ ተወለዱ። መንኩሰው እውነትን ከመጻሕፍትና ከሊቃውንት ሲፈልጉ ኖሩ። በ1841 ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ግብፅና ወደ ሮም ተጓዙ፤ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት ግን በ1844 ነው። ክህነትን የተቀበሉት በ1851፣ ስድሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነበር። በ1855 ስለ እምነታቸው በእስር ሳሉ ዐረፉ፤ በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ። ለሳሙኤል በአንድ ሌሊት የተገለጠው ለእርሳቸው ረጅም ዘመን ፈጀ፤ የጠራቸው ግን ያው አንዱ ጌታ ነው።

ለውይይት፦ በቁምስናችን ድምፅ ሰምቶ ወዴት እንደሚሮጥ ያላወቀ ወጣት አለን? ወደ እኛ ቢመጣስ ነቅተን ያገኘናል?

ዔሊን ለሳሙኤል የሰጠ አምላክ ለልጆቻችን አስተዋይ መምህራን ያድርገን። አሜን።