የካድሚየም ጢስና የሠራተኛው ኩላሊት

ካድሚየም ከዚንክ ማዕድን ጋር የሚገኝ፣ ብረት እንዳይዝግ የሚለበጥበት፣ በአንዳንድ ባትሪና ብር በተቀላቀለበት የብየዳ ሽቦ ውስጥም የሚገባ ንጥረ ነገር ነው። ይልቁንም የሚያስፈራው ምልክቱን መደበቁ ነው። በሐርጌሳ ኮድቡርም ሆነ በሌላ ከተማ የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚያድስ በያጅ እንዲህ ያለውን ሽቦ ቢያቀልጥ፣ ጢሱን በሳበበት ሰዓት ብዙም ላይሰማው ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያስለዋል፤ ጉንፋን ነው ብሎ ሲተኛ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ሊሞት ይችላል።

ጥቂት በጥቂት የሚገባው ደግሞ በኩላሊት ይከማቻል፤ ግማሹ እስኪወጣ እንኳ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። ስዊድናዊው ሐኪም ላርስ ፍሪበርግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950 የባትሪ ፋብሪካ ሠራተኞችን ሕመም ሲገልጥ በሽንታቸው ፕሮቲን መገኘቱን አስታወቀ። ኩላሊት ከዚህ ከደረሰ ወዲያ ሥራውን መተው ብዙ ጊዜ አያድነውም። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት በ1992 ያወጣው ደንብ በሠራተኛው ሽንትና ደም ያለው ካድሚየም፣ ቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን የተባለው ፕሮቲንም፣ በየጊዜው እንዲለካ ያዛል፤ በሥራው ቦታ አየር በአንድ ሜትር ኩብ የሚፈቀደውንም መጠን በ5 ማይክሮግራም ወስኗል።

ገበሬም ከነገሩ ውጭ አይደለም። በጃፓን ከካሚዮካ ማዕድን የወጣው ካድሚየም በጂንዙ ወንዝ ወርዶ ሩዙን በመበከሉ፣ አጥንት የሚሰብረው፣ ስሙም ከበሽተኛው የሥቃይ ጩኸት የወጣው «ኢታይ ኢታይ» ተነሣ። ትምባሆም ይህን መርዝ ከአፈር አጥብቆ ስለሚስብ፣ የሚያጨስ በያጅ ከሁለት ወገን ይጐዳል።

በያጁ ሽቦውን ሲገዛ ካድሚየም የሌለበትን ይጠይቅ፤ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብም የሚሠራበትን ነገር አስቀድሞ ይንገረው።