አማተርነትና የሯጭ እንጀራ

አማተር የሚባለው ለገንዘብ ሳይሆን ለስፖርት ፍቅር ብቻ የሚወዳደር ሰው ነው። ይህ ሕግ በሥራ ላይ እንዴት እንደ ዋለ ለመረዳት የሁለት ሯጮችን ታሪክ አስተያይተን እንመልከት።

ስዊድናዊው ጉንደር ሄግ ከሰኔ 1934 እስከ መስከረም 1935 ዓ.ም. በ82 ቀኖች ውስጥ 10 ጊዜ የዓለምን ሬኮርድ ሰበረ። ሆኖም ለሩጫው ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ በ1938 ከአማተር ውድድር ለዘለዓለም ታገደ።

የኛው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ያሠለጠነውም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 በሮማ በባዶ እግሩ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 በቶኪዮ በጫማ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። ደመወዝ የሚቀበለው ለወታደርነቱ ስለ ነበረ ሕጉ አልነካውም።

እንግዲህ ሕጉ የመረመረው ሯጩ እንጀራውን ከየት እንዳገኘ እንጂ ምን ያህል እንደ ደከመ አልነበረም። ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ያላገኘ የድኻ ልጅ ወይ ሩጫውን ወይ እንጀራውን መተው ነበረበት።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ሕጉ እየላላ ሄደ። ዛሬ እዚህ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሚሮጥ ወጣት በሩጫው ቢተዳደር የሚያግደው የለም። ስለዚህ «ለፍቅር ብቻ መሮጥ ይበልጣል» ሲባል ስንሰማ፥ ያን ፍቅር ለመግዛት አቅም የነበረው ማን ነበር? ብለን እንጠይቅ።