ሳይሰሙ አይፈረድም፦ በፈተና ኩረጃ ተከሶ ስለሚቀጣ ተማሪ



ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱ ወይም ከወንጂ የተነሣ አንድ ወጣት አዳማ ወይም ሌላ ከተማ ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ብቻውን አይገባም። የወላጆቹ ድካምና የታናናሾቹ ተስፋ አብሮት ይገባል። ይህ ወጣት፣ ተማሪዎች «አጤሬራ» የሚሏት ቁራጭ ወረቀት በፈተና ሰዓት ከወንበሩ ሥር ተገኘች ተብሎ ለአንድ ዓመት ቢታገድ፣ ቅጣቱ በእርሱ ላይ ብቻ አያርፍም። እንዲህ ባለ ጊዜ ወላጆች ወደ ቆሞሱ ወይም ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ መጥተው «ፍርድ ቤት እንሂድ ወይስ ዝም እንበል?» ብለው ይጠይቃሉ። የዚህ ትምህርት ዓላማ ለዚህ ጥያቄ የሚገባውን መልስ መፈለግ ነው።

1. ኩረጃ ለምን ይቀጣል?

ኩረጃ ሐሰትም ነው፣ ስርቆትም ነው። የሚኮርጅ ተማሪ ያላወቀውን አውቄአለሁ ብሎ ይመሰክራል፤ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረውን ጓደኛውንም ቦታ ይወስዳል። ጉዳቱም በትምህርት ቤት አይቀርም፤ ነገ በዚያ ውጤት ድልድይ የሚሠራና በሽተኛ የሚያክም አለና።

አገራችን ይህን በገሃድ አይታለች። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ ስለ ተሠራጨ ፈተናው ግንቦት 22 ቀን ተሰርዟል። በዚያው ዓመት በኦሮሚያ ብዙ ትምህርት ቤቶች በነበረው ሁከት ተዘግተው ስለ ነበር፣ ፈተናው እንዲዘገይ የሚጠይቁም ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኩረጃን ለመከላከል ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት ቢኖርም፣ የፈተና ጥበቃ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያስረዳል። ስለዚህ ቅጣት መኖሩ ተገቢ ነው። ጥያቄው ቅጣቱ እንዴት ይሰጣል የሚለው ነው።

2. የተገኘች ወረቀት ብቻዋን ትፈርዳለችን?

ወረቀቷ መገኘቷ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከእርሱ በፊት በዚያ ወንበር ማን ተቀምጦ ነበር? ጽሕፈቱስ የማን ነው? ተከሳሹን ሳይሰሙ ይህን በእርግጥ ማወቅ አይቻልም።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን «ሌባሻይ» የሚባል ልማድ ነበረ። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተሰጥቶት እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። በሌላ በኩል በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ዳኛ ከሳሽንና ተከሳሽን «በላ ልበልሃ» እያሰኘ ያሟግት ነበር። ሁለቱም የእኛው ናቸው። ሳያነጋግር የሚቀጣ ኮሚቴ የትኛውን እንደሚመስል አንባቢ ይፍረድ።

ይህ ጉዳይ በሌላም አገር ጥንታዊ ነው። የእንግሊዝ አገር የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1718 ሪቻርድ ቤንትሊ የተባሉትን ሊቅ ማዕረጋቸውን ገፈፋቸው። ፍርድ ቤቱ ግን በ1723 ሊቁ ሳይሰሙ ስለ ተቀጡ ማዕረጋቸው እንዲመለስላቸው አዘዘ። ከዳኞቹ አንዱ፣ እግዚአብሔር እንኳ አዳምን ጠርቶ ሳይጠይቀው እንዳልቀጣው አስታወሱ (ዘፍ. 3)። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ከጠየቀ፣ ሁሉን የማያውቅ ሰውማ እንዴት አይጠይቅ?

3. ከሕንድ አገር ሁለት ፍርዶች

እ.ኤ.አ. በ1954 ሦስት ተማሪዎች ኮረጃችሁ ተብለው ውጤታቸው ተሰረዘ፤ የሚቀጥለውንም ዓመት ፈተና ተከለከሉ። ምን ትላላችሁ ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1962 ፍርድ ቤቱ ደንቡ ስለ መስማት ዝም ቢልም እንኳ ሳይሰሙ መቅጣት እንደማይገባ ወሰነ።

በ1970 ግን ይኸው ፍርድ ቤት ሌላ ጉዳይ ቀረበለት። በአንድ የፈተና ጣቢያ የታየው ውጤት ከሌሎቹ እጅግ የራቀ ስለ ነበር የጣቢያው ፈተና በሙሉ ተሰርዞ ነበር። ፍርድ ቤቱ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ተማሪ መስማት ግድ አይደለም አለ። ምክንያቱም ማንም በስሙ ተጠርቶ በደለኛ አልተባለም፤ የተሰረዘው ፈተናው ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የሆነውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እንግዲህ ልዩነቱን እናስተውል፤ ፈተናን መሰረዝ አንድ ነገር ነው፣ የሰውን ስም በጥፋተኝነት መጻፍ ሌላ ነው።

4. የአገራችን ሕግ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ፣ የአስተዳደር ተቋም ከመወሰኑ በፊት ባለ ጉዳዩን እንዲሰማ፣ ለውሳኔውም ምክንያት እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ውሳኔው በፍርድ ቤት የሚከለስበትንም መንገድ ይከፍታል። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት የፈተና ወረቀት አያርምም። ዋና ጥያቄው ሕጉ ተጠብቋል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ተማሪው ቢረታ ጉዳዩ እንደገና በሥርዓት ይታይለታል እንጂ፣ በዚያ ብቻ ንጹሕ ነው አልተባለም።

5. ምክር ለመምህራንና ለወላጆች

ሀ) ወጣቱን አስቀድማችሁ እውነቱን ጠይቁት። ኮርጆ ከሆነ ጥፋቱን አምኖ ምሕረት ይለምን። ቅጣቱ ደንቡ ከሚፈቅደው ቢያልፍ ግን፣ ያጠፋም ሰው ቢሆን አቤት ማለት ይችላል።

ለ) አልኮረጀም ከሆነ ክሱን በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ማስረጃውን ይይ፣ ምስክሩን ያቅርብ፣ የይግባኝ ቀን ሳያልፍበት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይግባኝ ይበል። ፍርድ ቤት ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀቱንም ሁሉ ይጠብቅ።

ሐ) ዘመድ መፈለግና እጅ መንሻ መስጠት ኩረጃን በሌላ ኩረጃ መሸፈን ነው።

መ) ከእናንተ ፈታኝ የሆናችሁ ያያችሁትን ብቻ፣ በሰዓቱ ጻፉ፤ የገመታችሁትን አትጨምሩ።

ወገኖቻችን በመንገድ ጠብ ሲያዩ «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆማሉ። ይህ ቃል የሚቀጣውንም የሚቀጣውንም፣ ማለት ኮሚቴውንም ተማሪውንም፣ እኩል ያቆማል፤ ኮሚቴው ሳይሰማ እንዳይፈርድ፣ ተማሪውም ሲሰማ እንዳይዋሽ።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1) በቤታችን ልጆችን ሳንሰማ የቀጣንበት ጊዜ አለን?
2) ልጃችን ኮርጆ ተቀጥቶ «ከስሼ አስመልሳለሁ» ቢለን ምን እንመልስለታለን?