መብረርን ከመሬት መጀመር

ጓደኞቼ በዚህ ቡሌቲን ላይ ስለ ዜና አጻጻፍና ስለ ቃለ ምልልስ ብዙ አስተምረውናል። እኔ ደግሞ ዛሬ ከሙያችን ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ በረራ ትምህርት ልጽፍ ነው። “እንዴ! የጋዜጠኝነት ተማሪን ከአውሮፕላን ጋር ምን አገናኛት?” የምትሉ አትጠፉም። ምክንያቴን ላስረዳ።

በእኛ ሰፈር፣ እዚሁ ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ፣ “እገሌ በረረ” ከተባለ ደቡብ አፍሪካ ገባ ማለት ነው። ሾኔም፣ ዱራሜም ብትሄዱ ያው ነው። ታላቅ ወንድሜም “ከበረረ” ስምንት ዓመት ሆነው። የሚገርመው ግን አብዛኛውን መንገድ የሄደው በመኪናና በእግር ነው። ባለፈው ዓመት ስልክ ሲደውል “መብረር መማር አማረኝ” አልኩት። እሱም ቶሎ ብሎ “ደላላው ስንት አለሽ?” አለኝ። “ኧረ አውሮፕላን ማብረር ነው የምልህ፤ ለሥራም ሳይሆን እንዲሁ ለትርፍ ጊዜ” ስለው ዝም አለ። ያን ቀን የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና የተረዳሁትን ነው አሁን የማካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ መብረር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩም ትምህርቱን ጀምረው ነበር፤ የጣሊያን ወረራ አቋረጠባቸው። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ደግሞ አምሰለ ጓሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ካፒቴን ሆና በረረች።

እነዚህ የመንግሥትና የሙያ ታሪኮች ናቸው። ለፍቅሩ ብሎ የሞከረ አለ ወይ ካላችሁ፣ አስመላሽ ዘፈሩ አለ። የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ የነበረ ነው። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ ቁመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር አጠረ ተብሎ ሳይገባ ቀረ። እሱ ግን ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ፣ የአሮጌ ፎልስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ ኬ-570ኤ የተባለች አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠራ። ቁጥሩ የፈጀበትን ቀን ያመለክታል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ያደረገው ሙከራ አልተሳካለትም። እኔ እንደሱ ሥሩ አልላችሁም፤ አደገኛ ነው። ፍላጎቱ ግን ከመካከላችን እንደሚበቅል ያሳያል።

እንግዲህ አንድ ጀማሪ ከምን ይነሳ? በአራት ከፍዬ ላስረዳ።

1ኛ. ፈቃዱን መለየት። የግል አብራሪ ፈቃድ ያለው ሰው ያበርራል እንጂ በማብረሩ ደመወዝ አይከፈለውም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ዝቅተኛ መመዘኛ መሠረት ዕድሜው 17 ዓመት የሞላ፣ 40 ሰዓት የበረረ መሆን አለበት፤ ከዚያ ውስጥ 10 ሰዓት ብቻውን። ከብቸኛ በረራዎቹ አንዱ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር ሆኖ፣ በመንገዱ ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ላይ አርፎ መነሳት ይኖርበታል። ከሆሳዕና አዲስ አበባ ካለው መንገድ ይበልጣል ማለት ነው።

2ኛ. ከገንዘብ በፊት ጤናን መመርመር። ለግል አብራሪ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ ይታያል። መጀመሪያ ለትምህርት ከፍሎ ኋላ በጤና መውደቅ ሊኖር ይችላል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

3ኛ. በነፃ የሚገኘውን መማር። አራቱን ኃይሎች እወቁ፦ ወደ ላይ የሚያነሳ፣ ወደ ታች የሚስብ ክብደት፣ ወደ ፊት የሚገፋና ወደ ኋላ የሚጎትት። የሬዲዮ ፊደላትን (አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያላችሁ) ሸምድዱ። ኮምፒውተር ካገኛችሁ ፍላይት ጊር የሚባለው የበረራ ማስመሰያ በነፃ ይገኛል። አብራሪዎች የሚጠቀሙት ሰዓት ከእኛ ምሥራቅ አፍሪካ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ለኛ አቆጣጠር ግን ቀላል ነው፤ ቀን ላይ ሦስት መደመር ብቻ! ጧት 3 ሰዓት በእነሱ 6 ሰዓት ነው።

ደግሞ የራሳችንን አየር እናጥና። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት አየር ያንሳል። ሙቀት ሲጨመር ይብሳል። በመደበኛ ስሌት በዚህ ከፍታ የሚጠበቀው ሙቀት 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀኑ 22 ዲግሪ ከሆነ አውሮፕላኑ 3,000 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው። ከሐምበሪቾ ተራራ አናት እንደመነሳት ቁጠሩት። ስለዚህ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፤ ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ጧት በቅዝቃዜ መነሳትም ይመረጣል። አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም በተቻለ መጠን ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው። እኔ ነፋሱን የማነበው ከጓሯችን እንሰት ቅጠል ነው። ጧትና ከሰዓት በኋላ እያየሁ በደብተር እመዘግባለሁ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት ብሎ መመዝገብ ለኛ ለጋዜጠኞች መቼም አይከብደንም።

4ኛ. ትምህርት ቤቱን ማጣራት። በአገራችን ያለው ሥልጠና በአብዛኛው ለሙያ የተዘጋጀ ነው። የአንድ ሰዓት በረራ ክፍያ ነዳጅን፣ አስተማሪንና ጥገናን ስለሚጨምር ውድ ነው፤ አልደብቃችሁም። የጎረቤታችን ልጅ “አብራሪነት አስመዘግብሃለሁ” ላለው ደላላ ከፍሎ ገንዘቡ እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የተፈቀደለት መሆኑን ጠይቁ። ሰው መላክ የሚችል ደላላ አብራሪ ማድረግ አይችልም።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። በቀደም ሲደውል ይህንን ሁሉ ነገርኩት። “40 ሰዓት ብቻ?” አለኝ። “አዎ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ብትለው ዓመት አይሞላም” አልኩት። “እኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ በሳምንት የምቆመው ከዚያ ይበልጣል” አለ። አንጀቴን በላው። “ብር ላክልኝ ማለቴ አይደለም፤ ሥራ ስይዝ ራሴ አጠራቅማለሁ” አልኩት። ትንሽ ቆየና “ወዴት ነው ግን የምትበሪው?” ሲል ጠየቀኝ። “የትም። ሆሳዕናን ከላይ አይቼ ተመልሼ ማረፍ ነው” አልኩት። ሳቀ። “እንዲህ ያለ በረራ መኖሩንም አላውቅም ነበር” አለኝ።

ውድ አንባብያን፣ እኔ ገና አንድ ሰዓት እንኳ አልበረርኩም። የጤና ምርመራዬም ይቀረኛል። ግን ደብተሬ እየሞላ ነው። ከእናንተ መካከል ፍላጎት ያለው ካለ ነገ ጧት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በመጻፍ ይጀምር። ትኬትም ደላላም አያስፈልገውም።