7381፦ የመተማው ዓመት ቁጥር

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሱዳን ጠረፍ፣ በመተማ፣ ከድርቡሾች ጋር የገጠሙት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በውጊያው በደረሰባቸው ቁስልም ሕይወታቸው አልፏል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በ1881 ላይ 5500 ደምረው ዓመተ ዓለሙን 7381 ይሉታል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ቁጥር ነው።

አንድን ትልቅ ሙሉ ቁጥር ለመመርመር ለየትኛው ቁጥር ያለ ቀሪ እንደሚካፈል፣ ካልተካፈለም ስንት እንደሚተርፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከቀሪው እንጀምር። 365 ቀን ማለት 52 ሳምንትና 1 ቀን ነው። ስለዚህ መስከረም 1 በየዓመቱ አንድ ዕለት ይገፋል፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ ሌላ አንድ ዕለት ይጨመራል። 7381 ለ4 ሲካፈል 1845 ደርሶ 1 ይተርፋል። 1845 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ቀሪው 1 ዘመኑ ማቴዎስ መሆኑን ያመለክታል። ሁለቱን ስንደምር 7381 + 1845 = 9226 ይሆናል፤ ይህም ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በደንቡ መሠረት ቀሪው 1 ሲሆን መስከረም 1 ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ እያለ ይቀጥላል፤ ዜሮ ሲሆን ሰኞ ይውላል። እስከ መጋቢት 1 ያለው 180 ቀን ለ7 ሲካፈል 5 ስለሚተርፍ፣ ከሰኞ አምስት ዕለት ወደ ፊት ስንራመድ ቅዳሜ ላይ እንደርሳለን።

ውጤቱ ለታሪክ ተማሪም ይጠቅማል። በአሁኑ ጊዜ መጋቢት 1 ከማርች 10 ጋር ይገጥማል። ይህን ይዞ የሚያሰላ ሰው ጦርነቱን እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1889 ላይ ያደርገዋል። ያ ዕለት ግን እሑድ ነበር፤ ቅዳሜ የዋለው ማርች 9 ነው። የጎርጎርዮስ ቀመር 1900ን 366 ቀን ስላላደረገው፣ ከዚያ በፊት በሁለቱ ዘመን አቆጣጠሮች መካከል የነበረው ልዩነት ከዛሬው በ1 ቀን ያንስ ነበር። ስሕተቱን ያጋለጠው ለ7 ማካፈል ብቻ ነው።

ወደ አካፋዮቹ ስንሻገር 7381 = 11 × 11 × 61 ሆኖ እናገኘዋለን። እስቲ 1 + 1/2 + 1/3 እያላችሁ እስከ 1/10 ደምሩ። ድምሩ 7381/2520 ነው! ላዕሉ ለ11 ሁለት ጊዜ መካፈሉ እንዲያው የመጣ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዎልስተንሆልም እ.ኤ.አ. በ1862 እንዳረጋገጠው፣ ከ3 የሚበልጥ ማናቸውንም ብቸኛ ቁጥር ወስደን ከእርሱ በፊት እስካለው ቁጥር ድረስ እንዲሁ ብንደምር፣ የድምሩ ላዕል ለብቸኛ ቁጥሩ ካሬ ይካፈላል። በ5 ብንሞክረው 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 = 25/12 ይሆናል፤ 25 ደግሞ የ5 ካሬ ነው። የ11ዱ ላዕል ከመተማው ዓመት ጋር መግጠሙ ግን ፍጹም አጋጣሚ ነው፤ ከቁጥር ትንቢት ማውጣት የሚወዱ ሰዎች በከንቱ አይድከሙ።

ለመልመጃ የዐድዋን ድል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን፣ ውሰዱ። ዓመተ ዓለሙ 7388 ነው። ዕለቱ እሑድ ካልመጣላችሁ መጠነ ራብዒቱን መደመራችሁን አረጋግጡ።